ሊጡ ላይ ያለችው ትንኝና መደርደሪያው ላይ ያለው ፍሊት



ባለፈው በዓል አምቦ ቤተሰብ ጋ ሄጄ ነበር። ገና ሻንጣዬን ሳላወርድ እናቴ "ና እስቲ ዶክተር፣ ይሄን እይልኝ" ብላ ማድቤት ይዛኝ ገባች። እናቴ "ዶክተር" የምትለኝ ወይ ሰው ፊት ነው፣ ወይ ደግሞ የሆነ ነገር ስትፈልግ ነው። የሊጡን ባልዲ ክዳን አነሳችው። ወደ ሃያ የሚሆኑ ደቃቅ ትንኞች ብን ብለው ተነሡ። ሁለት ሦስቱ ላይኛው ውሃ ላይ ሞተው ተንሳፈዋል። "ልድፋው ወይስ ልጋግረው? ነገ እንግዳ አለብኝ" አለችኝ። ጤፍ ስንት እንደገባ እናንተም ታውቃላችሁ፤ አንድ ባልዲ ሊጥ መድፋት ቀላል ውሳኔ አይደለም።

መልሱን ሳልሰጣት ዓይኔ ሌላ ነገር ላይ ዐረፈ። መደርደሪያው ላይ፣ ከጨውና ከበርበሬው ዕቃ አጠገብ፣ በግማሽ ሊትር የውሃ ፕላስቲክ የተቀዳ ነጣ ያለ ፈሳሽ አለ። ምንም ጽሑፍ የለውም። "ይሄስ ምንድነው?" አልኳት። "የትንኝ መድኃኒት ነው። ጎረቤት ነው የሰጠችኝ። ማታ ማታ ትንሽ እረጭበታለሁ" አለች። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያኔ የሊጡ ነገር ከጭንቅላቴ ጠፋ።

ስለዚህ የዛሬው ጽሑፍ ስለ ሁለቱም ነው። ስለ ትንኟም፣ ስለ ፕላስቲኩም። ከትንኟ ልጀምር፤ እሷ ቀላሏ ናት።

እኛ ትንኝ የምንላት ይህች ደቃቅ ነፍሳት ሳይንሳዊ ስሟ ድሮሶፊላ ነው። ርዝመቷ 3 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው፤ ገላዋ ቡናማ፣ ዓይኗ ቀላ ያለ። በብዙ አገር የፍራፍሬ ዝንብ ይሏታል፣ የአቼቶ ዝንብ የሚሏትም አሉ። ለእኔ ሁለተኛው ስም ይበልጥ ይገልጻታል። ምክንያቱም ሙዙን ለራሱ ለሙዙ ብላ አይደለም የምትመጣው። ሙዙ ሲበስልና ሲላላ ላዩ ላይ የሚራቡትን የእርሾ ህዋሳት ፈልጋ ነው። ዕጮቿ የሚያድጉት እርሾ እየበሉ ነው።

አሁን የእኛን ማድቤት አስቡት። ጤፍ ስናቦካ ምን እያደረግን ነው? እርሾና ባክቴሪያ እያረባን ነው። እነዚህ ደቃቅ ፍጥረታት የዱቄቱን ስኳር ይበሉና አሲድ፣ ጥቂት አልኮልና ጋዝ ያወጣሉ። ጋዙ የእንጀራውን ዓይን ይሠራል፣ አሲዱ ደስ የሚለውን ኮምጣጣነት ይሰጣል፣ ሽታው ደግሞ ሰፈሩን ዞሮ ትንኟን ይጠራል። ለእሷ የሊጥ ባልዲ፣ የጠላ ጥንስስ፣ የጠጅ ብርሌ ሁሉም ድግስ ነው። የአምቦ ሰው የሚስቅበትን ደግሞ ልጨምርላችሁ፦ እ.ኤ.አ. በ2007 ኔቸር በተባለው መጽሔት የወጣ አንድ ጥናት ይህች ዝንብ ምላሷ ላይ የጋዝ ውሃን ጣዕም ለይታ የምታውቅበት ህዋስ እንዳላትና ከተራው ውሃ ይልቅ ጋዝ ያለበትን መቅመስ እንደምትመርጥ አሳይቷል። ማለትም የአገራችን ልጅ ናት።

"እኛ ጋ ብርድ ነው፣ ትንኝ የቆላ ነገር ነው" የሚል ሰው አጋጥሞኛል። አይደለም። ከዞናችን ጎረቤት ከሆነችው ከሰሜን ሸዋዋ ፍቼ አካባቢ የተሰበሰቡ ድሮሶፊላዎች በዓለም የዘረመል ተመራማሪዎች ዘንድ ታዋቂዎች ናቸው። ከቆላ ዘመዶቻቸው ጠቆር ያሉ፣ ክንፋቸውም ተለቅ ያለ ሆኖ ነው የተገኙት። ደጋውን ለምደውታል ማለት ነው። ብርድ የሚያደርገው ነገር ቢኖር እድገታቸውን ማዘግየት ነው። 25 ዲግሪ ሙቀት ባለበት ቤት ከእንቁላል ተነሥታ ክንፍ እስክታወጣ 10 ቀን ገደማ ይፈጅባታል። 18 ዲግሪ ላይ ደግሞ ሁለት ሳምንት ተኩል አልፎ ወደ 20 ቀን ይጠጋል። አምቦ ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ባኮ ደግሞ 1,650 አካባቢ ወርዳ ትሞቃለች፤ ስለዚህ የባኮ ማድቤት ከአምቦው ቶሎ ቶሎ ይፈለፍላል። ግን ምጣድ የሚጣድበት ቤት ጥግ ጥጉ የትም ቢሆን ይሞቃል። አንዷ ሴት ትንኝ በዕድሜዋ በመቶዎች የሚቆጠር እንቁላል ትጥላለች። ይህን ቁጥር ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

እሺ፣ ታሳምማለች ወይ?

አጭሩ መልስ፦ ከቤት ዝንብ ጋር አታወዳድሯት። ትልቋ የቤት ዝንብ ከሽንት ቤትና ከእበት ተነሥታ በቀጥታ ምግብ ላይ ታርፋለች፣ በእግሯና በትውከቷ የተቅማጥ ጀርም ታመላልሳለች። የእሷ ዘመድ የሆነችው የፊት ዝንብ ደግሞ የሕፃናት ዓይን ላይ እያረፈች ትራኮማን ከልጅ ወደ ልጅ ታስተላልፋለች። ድሮሶፊላ ግን ብዙውን ጊዜ ከሽንት ቤት ይልቅ ከአተላና ከሙዝ ልጣጭ ነው የምትመጣው። ቤተ ሙከራ ውስጥ ጀርም ካለበት ቦታ ወደ ፍራፍሬ ልታሻግር እንደምትችል ታይቷል፤ ስለዚህ ንጹሕ ናት አልላችሁም። በተግባር ግን ክሊኒክ ቁጭ ብዬ "ይሄ ተቅማጥ ከሊጥ ትንኝ ነው" ያልኩበት ቀን የለም።

እንዲያውም ሰውን ከማሳመም ይልቅ የምታበላሸው መጠጡን ነው። እግሯና አንጀቷ አልኮልን ወደ አቼቶ የሚቀይሩ ባክቴሪያዎችን ይዞ ይዞራል። ክዳኑ ያልገጠመ የጠላ ጋን (ፋርሶም በሉት፣ ያው ነው) ውስጥ ስትገባ እነዚህን ባክቴሪያዎች ትዘራቸዋለች። ጠላው በሁለት በሦስት ቀን የሆመጠጠባችሁ እናቶች "ዓይን በላው" ከማለታችሁ በፊት ክዳኑን እዩት።

ሊጡ ላይ እንመለስ። እናቴን የጠየቅኳት መጀመሪያ "ይሄ ነገር ከዚህ በኋላ እሳት ያየዋል ወይስ አያየውም?" ብዬ ነው። ይህን ጥያቄ ማድቤት ውስጥ ለማንኛውም ነገር ተጠቀሙበት። በደንብ የቦካ ሊጥ በራሱ ኮምጣጣ ነው፤ ብዙ የተቅማጥ ጀርሞች እዚያ አሲድ ውስጥ አይመቻቸውም። ከዚያ ደግሞ ጋለ ምጣድ ላይ ይፈስና አክንባሎ ተደፍቶበት በራሱ እንፋሎት ይበስላል። ሁለት ሦስት ትንኝ የወደቀበት ሊጥ ከሆነ ላይኛውን ውሃ ከትንኞቹ ጋር ቀድታችሁ ድፉት፣ እርሾ ካስፈለጋችሁ ንጹሕ ከሆነ ቤት ተበደሩ፣ ሊጡን ጋግሩት። እኔ ራሴ በልቻለሁ። ድፎ ዳቦም እንደዚሁ ነው፤ ሊጡ ኩፍ እስኪል ትንኝ ቢያንዣብብበትም ውስጡ ድረስ ከበሰለ የሚያሳስብ አይደለም።

የሚደፋው የትኛው ነው? ነጫጭ ትናንሽ ትሎች የሚርመሰመሱበት፣ ሮዝ ወይም ጥቁር ወይም አረንጓዴ ሻጋታ ያወጣ፣ ሽታው ከኮምጣጣነት አልፎ የበሰበሰ የሚሸት። መብራት ጠፍቶ ሦስት አራት ቀን ያደረ ሊጥ ብዙ ጊዜ እዚህ ይደርሳል፤ የኤሌክትሪክ ምጣድ ያላችሁ ታውቁታላችሁ። የሻገተ እንጀራንም "ድርቆሽ ይሆናል" ብላችሁ ፀሐይ ላይ አታስጡ። ፀሐይ ሻጋታውን ያደርቀዋል እንጂ ሻጋታው ያመነጨውን መርዝ አያጠፋውም። ለላምም አትስጡት፤ አፍላቶክሲን የሚባለው የሻጋታ መርዝ በወተት በኩል ተመልሶ ወደ ልጆቻችሁ ይመጣል።

እሳት የማያየው ነገር ላይ ግን ጠንከር በሉ። የተቆረጠ ቲማቲምና ቃሪያ፣ ሰላጣ፣ የተላጠ ማንጎ፣ ጁስ፣ የቀዘቀዘ የሕፃን ገንፎ። ትንኝም ሆነች ዝንብ ያረፈበትን እነዚህን የሚያድናቸው ምጣድ የለም። በተለይ ተጨማሪ ምግብ የጀመረ ሕፃን ካላችሁ የልጁ ሳህን ሁልጊዜ ይከደን።

አሁን ወደ ፕላስቲኩ።

የሕክምና ሥራ በጀመርኩበት ሰሞን ያየሁትን ልንገራችሁ። ማንነቱ እንዳይታወቅ ዝርዝሩን ቀይሬዋለሁ። አንድ ሦስት ዓመት ያልሞላው ልጅ በባጃጅ ተይዞ መጣ። አፉ በአረፋና በምራቅ ተሞልቷል፣ ልብሱ በላብ ርሷል፣ ሱሪው ተበላሽቷል፣ ትንፋሹ ይንኮራኮራል። እናቱ "የሚጥል በሽታ ያዘው" እያለች ታለቅሳለች። ዓይኑን በባትሪ ሳበራለት የዓይኑ ብሌን የመርፌ ቀዳዳ አክሏል። ያኔ ነው "ቤት ውስጥ የተባይ መድኃኒት አለ?" ያልኳት። አለ። ማድቤት ወለል ላይ፣ በውሃ ፕላስቲክ። ለትንኝ የተገዛ። ልጁ ውሃ መስሎት ጠጥቶታል። እነሱ ደግሞ "መርዝ ያረክሳል" ብለው ወተት አጠጥተውት፣ እስኪሻለው ጠብቀው፣ አንድ ሰዓት አልፏል።

ልጁ ተርፏል። ሌሊቱን ሙሉ አትሮፒን የሚባል መድኃኒት በየደቂቃው እየሰጠን፣ ምራቁን ከጉሮሮው እየሳብን ነው የተረፈው። እናቴ ማድቤት ውስጥ ያንን ፕላስቲክ ሳይ ምን እንደተሰማኝ አሁን ይገባችኋል። የእህቴ ልጅ ያን ቀን እዚያው ቤት እየተሯሯጠች ነበር።

በጉልትና በገበያ በትናንሽ ጠርሙስ እየተቀዳ የሚሸጠው ፈሳሽ ብዙ ጊዜ ለእርሻ የመጣ ፀረ ተባይ ነው። ከእነዚህ ውስጥ ኦርጋኖፎስፌት የሚባሉት (ማላታዮን አንዱ ነው) የሚሠሩት እንዲህ ነው፦ ነርቫችን ዕጢንና ጡንቻን "ሥራ" ብሎ ያዝዛል፣ ወዲያው ደግሞ አንድ ኢንዛይም መጥቶ ትዕዛዙን ያጠፋዋል። መርዙ ያንን ኢንዛይም ያስረዋል። ትዕዛዙ ሳይጠፋ ይቀራል። ስለዚህ ምራቅ አይቆምም፣ እንባ አይቆምም፣ ላብ አይቆምም፣ ሳንባ ውስጥም ፈሳሽ ይሞላል፤ ጡንቻ ይርገበገብና ይዝላል። ትንኟን የሚገድላትም ልጁን የሚገድለውም ይኸው አንድ መንገድ ነው። ለመጠጣት ብቻም አይደለም፤ በቆዳም በትንፋሽም ይገባል።

"እኔ የምጠቀመው ከሱቅ የተገዛ፣ ጽሑፍ ያለው የቤት ፍሊት ነው" የምትሉ አላችሁ። እሱ ይሻላል። አብዛኞቹ የቤት ፍሊቶች ፓይሬትሮይድ የሚባሉ ናቸው፣ ለሰው ያላቸው መርዛማነት ከእርሻው ያነሰ ነው። ግን አስም ያለበት ሰው ካለ ያስነሡበታል፣ ደግሞ ጣሳው ውስጥ ያለው ጋዝ ተቀጣጣይ ነው። ከሰል እየነደደ ወይም ምጣድ እየጋለ ፍሊት መርጨት ፊትን ለቃጠሎ መስጠት ነው። ሊጥ፣ ዳቦ፣ መሶብ፣ የተቆላ ቡና ባለበት ክፍል ደግሞ ጭራሽ አይረጭም።

ዋናው ነጥቤ ይሄ ነው፦ ትንኝ የነካችውን ሊጥ ምጣዱ ያስተካክለዋል። ፍሊት የነካውን ሊጥ ግን ምጣዱ ያስተካክለዋል ብላችሁ እንዳትተማመኑ። ሙቀት ጀርም ይገድላል፣ ኬሚካል ግን ጀርም አይደለም። የተረጨበት ሊጥ ከሆነ ጤፉ ስንት ይግባ ስንት፣ ይደፋል። እናቴ ስትረጭ ባልዲው ክፍት ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኳት፤ ትንሽ አሰበችና "ክዳኑ ገርበብ ብሎ ነበር" አለች። ደፋነው። ለእንግዶቹ እንጀራ ከሰፈር ገዛን።

የነቀዝ ክኒንን ሳልጠቅስ ባልፍ ሥራዬን አልሠራሁም። ለእህል የሚገባው የአሉሚኒየም ፎስፋይድ ክኒን ርጥበት ሲነካው መርዛማ ጋዝ ይለቃል፣ ይህ ነው የሚባል ማርከሻም የለውም። "ትንኝ ያጠፋል ተብዬ ማድቤት ጥግ አስቀመጥኩ" ያለኝ ሰው አለ። እባካችሁ! ይህ ክኒን ሰው ባለበት ቤት በምንም ምክንያት አይቀመጥም። ክኒን የገባበት ጆንያም ሰው ከሚተኛበት ክፍል ይውጣ።

ሌላ ብዙ ቤት የማየው ነገር፦ አጎበር። ባኮና ሌሎች ወባ ያለባቸው ቆላማ ቀበሌዎች ላይ ለመኝታ የታደለውን አጎበር ቆርጦ የሊጥና የእንጀራ መሸፈኛ ማድረግ ተለምዷል። ሁለት ችግር አለው። አንደኛ፣ አጎበሩ የተነከረው በፀረ ትንኝ ኬሚካል ነው፤ ለአልጋ እንጂ ምግብ ለመንካት አልተሠራም። ሁለተኛ፣ ቀዳዳው ለወባ ትንኝ ልክ ነው፤ ለዚህች ደቃቅ ግን የተከፈተ በር ነው። በኪሳራ ላይ ኪሳራ፣ ልጁም ያለ አጎበር ያድራል።

ታዲያ ምን ይሻላል? ያለ መርዝ ይቻላል፣ ትዕግሥት ግን ይፈልጋል።

መጀመሪያ የምትራባበትን ቦታ መፈለግ ነው። ሰው ሁሉ የሚበሩትን ያባርራል፤ የሚበሩት ግን የትናንቶቹ ናቸው፣ የነገዎቹ የሆነ ቦታ ርጥበት ውስጥ በዕጭነት ተቀምጠዋል። እኛ ቤት ስንፈልግ ሦስት ቦታ አገኘን። አንዱ የአተላው ባልዲ ነው፤ ይሄ ግልጽ ነው። ሁለተኛው ከጀልዱ የመጣ የድንች ጆንያ ነው፤ ላዩ ደህና ነው፣ ከታች ግን ሁለት ሦስት ድንች ፈርሶ ውሃ ሆኗል። ሦስተኛውን ማንም አልጠረጠረውም፦ የሊጡ ባልዲ አንገት። በየጊዜው ሲቀዳ የሚንጠባጠበው ሊጥ ከንፈሩ ላይና ከክዳኑ ሥር ይደርቃል፣ ስር ስሩ ግን ርጥብ ነው። እንቁላል የሚጣለው እዚያ ነው። ሊጡን ለውጠን ባልዲውን ካላጠብነው ትንኟን እያስቀጠልናት ነው ማለት ነው። ቡሃቃም ባልዲም በየማቡኪያው ተፈቅፍቆ፣ በትኩስ ውሃና ሳሙና ታጥቦ፣ ፀሐይ ላይ ተደፍቶ ይድረቅ።

እናንተ ጋ ደግሞ ሌላ ይሆናል። የዕቃ ማጠቢያው ቱቦ፣ ርጥቡ የማድቤት ጨርቅ፣ መወልወያው፣ ሳይታጠብ የተከማቸ የለስላሳ ጠርሙስ፣ ከፍሪጅ ጀርባ የወደቀች አንዲት ሎሚ። በማንጎ ወቅት፣ ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ባለው ጊዜ፣ ከወለጋ የሚመጣው ማንጎ በመንገዳችን ላይ ሲረክስ ሁላችንም በከረጢት እንገዛለን። ቤት ሲገባ ወዲያው እጠቡት፣ የላላውን ለይታችሁ ቶሎ ብሉት። እንቁላሉ ብዙ ጊዜ ከገበያ ልጣጩ ላይ ሆኖ ነው የሚመጣው።

የቱቦ ነገር ከተነሣ አንድ ማስጠንቀቂያ፦ በረኪና ያፈሰሳችሁበት ቱቦ ላይ አቼቶ አትጨምሩ። ሁለቱ ሲገናኙ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል፣ ሳንባ ያቃጥላል። በትኩስ ውሃ፣ በሳሙናና በብሩሽ መፈግፈጉ ይበቃል፤ ትንኟን የሚያሳድጋት ቱቦው ላይ የተለጠፈው ልቃቂ ነው እንጂ ውሃው አይደለም።

ሊጡን ለመሸፈን ጥቅጥቅ ያለ ንጹሕ ነጭ ጨርቅ በባልዲው አፍ ላይ ወጥሩና በላስቲክ እሰሩት፣ ክዳኑን ከላዩ ጣል አድርጉበት። ክዳኑን ጥርቅም አድርጋችሁ ብትዘጉት የሚወጣው ጋዝ መውጫ ያጣል፤ ሌሊት ክዳኑ ተስፈንጥሮ ቤቱን ያስደነገጠ ሰው አውቃለሁ (አክስቴ ናት፣ ሌባ መስሏት ጮኻለች)። ለሚቀጥለው ማቡኪያ የምታስቀምጡትን እርሾ ፍሪጅ ያላችሁ ክዳን ባለው ብልቃጥ ፍሪጅ ውስጥ አድርጉት።

ከዚያ ወጥመዱ። የአንድ ብርጭቆ ሲሶ አቼቶ፣ ወይም የጠላ አተላ ቀድታችሁ፣ ሁለት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ጨምሩበት። ከወረቀት ጫፉ ትንሽ ቀዳዳ ያለው ሾጣጣ ማጥለያ ጠቅልላችሁ ብርጭቆው አፍ ላይ ጫፉን ወደ ታች አድርጋችሁ አስቀምጡ። ሽታው ይጠራታል፣ በሾጣጣው ትገባለች፣ መውጫውን አታገኘውም። ሳሙናው ለምንድነው? ያለሱ ውሃው ላይ ቆማ ጠጥታ ትሄዳለች፤ ሳሙናው የውሃውን ቆዳ ስለሚያላላው ትሰምጣለች። ወጥመዱን ከሊጡ ራቅ አድርጉት፣ አጠገቡ ካደረጋችሁት ለሊጡም እንግዳ እየጠራችሁለት ነው። በየሁለት ቀኑ ለውጡት፣ አለበለዚያ ራሱ መራቢያ ይሆናል። ልጅ የማይደርስበት ቦታ ይሁን፤ የአቼቶና የሳሙና ብርጭቆም ቢሆን ለሕፃን አይሰጥም።

"አድርጌው አልሠራም" የምትሉኝ ብዙ ናችሁ። ስንት ቀን ጠበቃችሁ? ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁ ቁጥር እዚህ ጋ ይመጣል። ዛሬ ሁሉንም ነገር ብታጸዱ እንኳ ትናንት የተጣለው እንቁላል አምቦ ላይ እስከ ሦስት ሳምንት ድረስ አዲስ ትንኝ ሊያወጣ ይችላል። በአምስተኛው ቀን አሁንም ስታዩአት "አልሠራም" ብላችሁ ወደ ፍሊት አትመለሱ። ማጽዳቱንና ወጥመዱን ሦስት ሳምንት ሙሉ ቀጥሉበት። እናቴ በስልክ እየቆጠረች ትነግረኝ ነበር። በአንደኛው ሳምንት "ምንም አልቀነሰም፣ ያንተ ትምህርት ይሄው ነው" አለችኝ። በሁለተኛው ዝም አለች። በሦስተኛው "ሦስት አራት ብትቀር ነው፣ እነሱንም በጨርቅ እላቸዋለሁ" አለች።

ጢስ ማጨስም ይጠየቃል። ወይራም ሆነ ሌላ ቅጠል ማጨስ ለጊዜው ያሸሻት ይሆናል፣ መራቢያዋን ግን አይነካም። የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው፦ ትንኝ እንዳይገባ ብላችሁ በርና መስኮት ዘግታችሁ ከሰል የምታነዱ። የከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም። ማድቤት ውስጥ ራስ ምታት፣ ማጥወልወልና ድካም ከተሰማችሁ፣ ወጥታችሁ ስትቆዩ ደግሞ ከተሻላችሁ፣ ምክንያቱ ያ ሊሆን ይችላል። ወዲያው ወደ ንጹሕ አየር ውጡ፣ በሩን ክፈቱት። ትንኝ ትግባ።

ቤታችሁ ውስጥ ፀረ ተባይ የግድ ካለ በመጣበት ዕቃ፣ ከነጽሑፉ፣ ከማድቤት ውጪ በተቆለፈ ቦታ ይሁን። ወደ ውሃም፣ ወደ ለስላሳም፣ ወደ ዘይት ዕቃም አይገለበጥ። ዛሬ ማታ ስልካችሁን አስቀምጡና መደርደሪያችሁን አንዴ ዞራችሁ እዩት። ስሙን የማታውቁት ፈሳሽ ካገኛችሁ ቱቦና ወንዝ ውስጥ አትድፉት፤ እንዳለ አሽጋችሁ፣ "መርዝ" ብላችሁ ጽፋችሁ፣ ከልጅ አርቃችሁ አስቀምጡና በአቅራቢያችሁ ያለውን የግብርና ባለሙያ ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ጠይቁ።

አንድ ሰው ጠጥቶ ወይም ፈስሶበት ከሆነ ደግሞ፦ ከቦታው አውጡት። የተነካ ልብሱን አውልቁ፣ ገላውን በብዙ ውሃና ሳሙና እጠቡ፣ የምታጥቡት ሰዎች ጓንት ወይም እጃችሁ ላይ የምታጠልቁት ፌስታል ይኑራችሁ። ዓይኑ ከነካ ቢያንስ 15 ደቂቃ በንጹሕ ውሃ ይታጠብ። እንዲያስመልሰው ጣት አታስገቡ። በተለይ ፈሳሹ ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ከሆነ ሲያስመልሰው ወደ ሳንባው ይገባና ሌላ ጉዳት ያስከትላል። ወተት፣ ዘይት፣ ሎሚ፣ እንቁላል አትስጡት። ራሱን ከሳተ በጎኑ አስተኙት። የመርዙን ዕቃ ከነክዳኑ ይዛችሁ ወይም በስልካችሁ ፎቶ አንሥታችሁ፣ ያገኛችሁት መኪና ላይ ጭናችሁ ወደ ቅርቡ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ሂዱ። ምራቅ ወይም ላብ እስኪበዛ አትጠብቁ፤ ልጁ ደህና መስሎ እየተጫወተም ቢሆን ሂዱ።

ስለ ሊጥ፣ ስለ ጠላ፣ ስለ ትንኝ ጥያቄ ያላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ማታ ማታ እመልሳለሁ። "ልጄ የሆነ ነገር ጠጥቷል" የሚለውን ግን ለእኔ አትጻፉልኝ። መልእክቱን የማየው ከሁለት ሰዓት በኋላ ሊሆን ይችላል፤ እናንተ ያን ጊዜ ሐኪም ፊት መድረስ አለባችሁ።